ትሉ በ12 ደቂቃ ሞተ፤ ታዲያ መድኃኒት ተገኘ?

ጥያቄ፦ «የመመረቂያ ጽሑፍ አብረን የምንሠራ ሦስት ተማሪዎች ነን። ለሆድ ትል ይጠጣል የሚባል አንድ ተክል መረጥን። ቅጠሉን አድርቀን፣ ፈጭተን፣ በሜታኖል ዘፍዝፈን ንጥሩን (ኤክስትራክት) አወጣን። ከዚያ ዲኤምኤስኦ በሚባል አሟሚ ፈሳሽ አሟምተን የመሬት ትል ላይ ሞከርነው። በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ስናደርገው ትሎቹ በ12 ደቂቃ ሞቱ። አልቤንዳዞል ኪኒን ፈጭተን በጨው ውሃ የሰጠናቸው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ጨው ውሃ ብቻ ያገኙት አልሞቱም። ኤክስትራክታችን ከአልቤንዳዞል ይበልጣል ብለን መጻፍ እንችላለን? ቀጥለን በግ ላይ እንሞክር? አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ልጁ ትል ስላለበት ጥቂት ስጡኝ እያለን ነው።»

ምላሽ፦ መጀመሪያ የጎረቤታችሁን ጉዳይ እንዝጋው። አትስጡት። ጠብታም ቢሆን። ቅጠሉን የዘፈዘፋችሁበት ሜታኖል የዓይን ብርሃን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ተንኖ ማለቁን አሽትታችሁ አታውቁም፤ በመሣሪያ ካልተለካ «አልቋል» ማለት አይቻልም። ሜታኖሉ ጨርሶ ባይኖር እንኳ፣ ከቅጠሉ ምን ምን አብሮ እንደወጣ ገና አላወቃችሁም። ልጁ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሰገራው ይመርመር። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚታዘዘው አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ የሚወሰድ 400 ሚሊግራም ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ያህል ቀላልና የተፈተነ ሕክምና እያለ ልጅ ላይ ሙከራ አይካሄድም።

አሁን ወደ ሥራችሁ። «ከአልቤንዳዞል ይበልጣል» የሚለውን መጻፍ አትችሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ሩጫው ራሱ ትክክል አለመሆኑ ነው። አልቤንዳዞል ትልን በደቂቃ የሚገድል መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያ እንዲሆንም አልተሠራም። የሚሠራው በትሉ ሴሎች ውስጥ ቤታ-ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር በመጣበቅ ነው። ይህ ፕሮቲን የሴሉን የውስጥ ማገር የሚሠራ ነው። ማገሩ ሲፈርስ ትሉ ስኳር መሳብ ያቅተዋል፤ ጉልበቱ ይሟጠጣል፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰዓት ይዛችሁ «ማን ቀድሞ ገደለ» ካላችሁ በረኪናም አልቤንዳዞልን ይበልጠዋል።

በዚያ ላይ አልቤንዳዞል በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ኪኒን ፈጭታችሁ ጨው ውሃ ውስጥ ስትጨምሩ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ሳህኑ ሥር ተኝቷል አይደል? ትሉ መድኃኒቱ ውስጥ አልነበረም። በነጭ አሸዋ ላይ ነበር የሚንፏቀቀው። በአንጻሩ የእናንተን ኤክስትራክት በሚገባ አሟምታችሁ ሰጣችሁት። አንዱን እግሩን አስራችሁ ሌላውን ፈታችሁ አሯሯጣችሁ ማለት ነው።

ማነፃፀሪያችሁም አልተሟላም። ኤክስትራክቱ በዲኤምኤስኦ ሟሟ፣ ማነፃፀሪያው ግን ጨው ውሃ ብቻ ነበር። ታዲያ የገደለው ቅጠሉ ነው ወይስ ዲኤምኤስኦው? ስንት በመቶ እንደነበር አልነገራችሁኝም። ከ1 በመቶ ሲያልፍ አሟሚው ራሱ ትሉን መጉዳት ሊጀምር ይችላል። የግድ ያስፈልግ የነበረው ቅጠሉ የሌለበት፣ ዲኤምኤስኦው ግን በልኩ ያለበት ሳህን ነው። ይህ ሳህን ከሌለ የ12 ደቂቃው ቁጥር ትርጉም የለውም። ቁጣ አይደለም፤ ብዙ የታተሙ ጽሑፎችም ይህን ሳህን ይዘሉታል።

ስለ መሬት ትል ደግሞ በግልጽ ልናገር። የመሬት ትልና የሆድ ትል በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። የመሬት ትል ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት የተሠራ፣ ከአልቅት ወገን የሆነ እንስሳ ነው። የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ጨው ቢበዛበት፣ አሲድ ቢነካው፣ ሳሙና ቢነካው ይሞታል። ወስፋትና መንጠቆ ትል ግን ከሌላ ወገን ናቸው፤ ድቡልቡል ትል እንላቸዋለን። ሰውነታቸውን የሸፈነው ከኮላጅን የተሠራ፣ ድርብርብ፣ ጠንካራ ልባስ ነው። የሚኖሩት አሲድና የምግብ መፍጫ ኢንዛይም በሚፈስበት ቦታ ነው። ቆዳውን ቆጥቁጦት የሞተ የመሬት ትል ስለ ወስፋት የሚነግራችሁ ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ይህ ሙከራ የተለመደው ርካሽ ስለሆነና ትሉ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው እንጂ ጥሩ መለኪያ ስለሆነ አይደለም።

«የሆድ ትል» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ወስፋት፣ ኮሶ ትልና የቢልሃርዝያ ትል በአካልም በኑሮም የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ኮሶ ትልንና ቢልሃርዝያን ድራሻቸውን ያጠፋል፤ ወስፋትን ግን አይነካውም። ስለዚህ ተክላችሁ የትኛውን ትል ያክማል እንደሚባል ተመልሳችሁ አጣሩ። ለኮሶ ትል የሚወሰድ ተክል በመንጠቆ ትል ላይ ፈትናችሁ «አይሠራም» ብትሉ፣ የተሳሳታችሁት እናንተ እንጂ ተክሉ አይደለም።

አሁን እርሳስና ወረቀት አንሱ። በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም አላችሁ። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ እንውሰድ። በሆዱ ያለው ፈሳሽ 5 ሊትር ብቻ ነው እንበል፤ ሆን ብዬ ዝቅ አድርጌዋለሁ። 5 ሊትር 5,000 ሚሊሊትር ነው። በ50 ሲባዛ 250,000 ሚሊግራም ይሆናል። ሩብ ኪሎ ኤክስትራክት! ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት አገኛችሁ ብንል፣ ለአንድ በግ 2.5 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ለዚሁ በግ የሚሰጠው አልቤንዳዞል በኪሎ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊግራም ነው። ድምሩ ከ150 እስከ 225 ሚሊግራም ይመጣል። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በእርግጥ ኤክስትራክት የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። የሚሠራው ንጥረ ነገር ከመቶ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን አስልታችሁም ቢሆን ሂሳቡ አያወጣም።

ሂሳቡ ሌላም ጉድለት አለበት። ሆድ ሳህን አይደለም። የበግ ሆድ በማይክሮቦች የተሞላ ማብላያ ነው፤ የቅጠሉን ኬሚካል ትሉ ጋ ሳይደርስ ሊሰባብረው ይችላል። ታኒን (አፍ የሚያኮማትረው የቅጠል ንጥረ ነገር) ከሆነ ደግሞ ከመኖው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ያልፋል። አንዳንዱ ወደ ደም ይገባና አንጀት ውስጥ ያለው ትል አያገኘውም። ነገሩ በተቃራኒውም ይሆናል። አልቤንዳዞልን ራሱን ጉበት ወደ ሌላ የሚሠራ ቅርጽ ይቀይረዋል፤ ሳህን ላይ ግን ጉበት የለም። እንዲህ ዓይነት ጉበት የሚያነቃው ንጥረ ነገር ቅጠላችሁ ውስጥ ካለ፣ በሳህን ብቻ ፈትናችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ። ሳህን በሁለቱም በኩል ይዋሻል።

«ግን እኮ ሰው ጠጥቶት ትል ሲወጣ ታይቷል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሊወጣ ይችላል። ግን ወስፋት ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው፤ አርጅቶም ይወጣል። የሚያስቀምጥ ነገር የጠጣ ሰውም ትል ሊያወጣ ይችላል። አንድ ትል ወጣ ማለት ሌሎቹ አልቀዋል ማለት አይደለም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እሷ ከቀረች በሽታው አለ።

ኤፓዞቴ የሚባለው ቅጠል ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በሜክሲኮ ለትል ሲጠጣ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ እንደተለመደው ፈልቶ ለሰው ተሰጠና ትሎቹ ተቆጠሩ። በወስፋት፣ በመንጠቆ ትልና በአለንጋ ትል ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በአንጻሩ ከዚሁ ተክል የሚወጣው ዘይት፣ አስካሪዶል የሚባለው ኬሚካል የበዛበት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለመንጠቆ ትል በሰፊው ይሰጥ ነበር። ይሠራ ነበር። ሰውም ይገድል ነበር። በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነበር። አንድ ተክል በአንድ መልኩ ከንቱ፣ በሌላ መልኩ አደገኛ ሆነ።

ዕፅዋት አይሠሩም እያልኩ አይደለም። የኮሶ አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንዴ ፈርን የሚባለው ተክል ሥር ኮሶ ትልን ያስወጣ ነበር፤ አልፎ አልፎ ግን ዓይን ያጠፋ ነበር። ከአርጤሚስያ ዝርያ የተገኘው ሳንቶኒን ወስፋትን ያስለቅቅ ነበር፤ የወሰደው ሰው ግን ዓለም ቢጫ ሆና ትታየዋለች። ሦስቱም የተተዉት ስለማይሠሩ አልነበረም፤ ከነሱ የተሻለ ደኅንነት ያላቸው መድኃኒቶች ስለመጡ ነው። እናንተም የምትወዳደሩት ከእነዚህ አዲሶቹ ጋር ነው። ታዲያ አዲስ ነገር ለምን ይፈለጋል? በበግና በፍየል ላይ ትሎቹ መድኃኒቶቹን እየተላመዱ ስለሆነ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሥራችሁም ከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? የመሬት ትሉን ተዉትና የእንቁላል መፈልፈል ሙከራ ሥሩ። የሚያስፈልጋችሁ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የሚባለው የበግ ደም መጣጭ ትል ነው። አራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ይኖራል። አንዷ ሴት በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ስለምትጥል እንቁላል አያጥራችሁም። ትኩስ በጠጥ መሬት ከመውደቁ በፊት ከበጉ ውሰዱ። በውሃ በጥብጡት። ከሰፊ እስከ ጠባብ ወንፊት አሳልፉት፤ የመጨረሻው 25 ማይክሮሜትር ይሁን፣ እንቁላሉ እሱ ላይ ይቀራል። በጨው በጠገበ ውሃ አንሳፍፋችሁ ለዩት፣ ከዚያ ጨው እስኪለቅ እጠቡት።

በሳህኑ ላይ ባለው እያንዳንዱ ትንሽ ጉድጓድ 100 ያህል እንቁላል አድርጉና ኤክስትራክቱን ጨምሩበት። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት 48 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ አንድ ጠብታ የሉጎል አዮዲን ጣል ስታደርጉበት ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል። ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋችሁ ያልተፈለፈለውንና እጭ ሆኖ የወጣውን ቁጠሩ። አንድ ነገር አደራ፦ እንቁላሉ ከበጉ ከወጣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሥራው ይጀመር። ከዚያ በላይ ከቆየ ውስጡ ያለው ፅንስ ያድግና ለአልቤንዳዞል ዘመዶች ያለው ስሜት ይቀንሳል። ማነፃፀሪያችሁ የአልቤንዳዞል ዘመድ የሆነው ታያቤንዳዞል ይሁን፣ በዲኤምኤስኦ የሟሟ። መድኃኒቱን ያልተላመደ ትል ከሆነ፣ ግማሹን እንቁላል ለማስቀረት በሚሊሊትር ከ0.1 ማይክሮግራም ያነሰ ይበቃል። የእናንተ 50 ሚሊግራም የዚህ 500,000 እጥፍ ነው። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

መጠኑን በሚሊሊትር ከ1 ሚሊግራም ጀምራችሁ በግማሽ በግማሽ ቀንሱ፦ 1፣ 0.5፣ 0.25፣ 0.125፣ 0.0625። መጠን ሲቀንስ ውጤትም ደረጃ በደረጃ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ የሆነ ስህተት አለ። አሟሚው ባለበት ሳህን 90 በመቶው ተፈልፍሎ ኤክስትራክት ባለበት 45 በመቶ ከተፈለፈለ፣ ያስቀራችሁት 50 በመቶ ነው እንጂ 55 አይደለም። ቆጣሪው ሰው የትኛው ጉድጓድ የቱ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ሦስት ናችሁና አንዳችሁ ኮድ ስጡ። ሁሉንም በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ድገሙት።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ኤክስትራክት አንድም እንቁላል እንዳይፈለፈል አድርጎልኝ ነበር። ሁለት ቀን በደስታ መሬት አልነካሁም። በኋላ አንድ የላብራቶሪ ባልደረባ «ፒኤችውን አየኸው?» አለኝ፤ የኮምጣጣነቱን ልክ ማለቱ ነው። ወረቀቱን ነከርኩት፤ ቀይ ሆኖ ወጣ። እንደ ሎሚ ጭማቂ የኮመጠጠ ነበር። ልኩን አስተካክዬ ስደግመው እንቁላሉ በሙሉ ተፈለፈለ። ያገኘሁት የትል መድኃኒት ሳይሆን ኮምጣጣ ውሃ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፒኤች ለኩ። ሁለተኛው ወጥመድ ስኳር ነው። የቅጠል ኤክስትራክት ስኳር ስላለው በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ይፈላበታል፤ እጩን የገደለው ሻጋታው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቀለም ነው። ቡናማው ሲበዛ ከሥሩ ያለው እጭ አይታይም፤ ያልታየ እጭ ደግሞ «አልተፈለፈለም» ተብሎ ይቆጠራል።

ከዚያ ታኒን አለ። ብዙ ቅጠሎች ሳህን ላይ የሚያሳዩት ኃይል ከታኒን የሚመጣ ነው። ታኒን ያገኘው ፕሮቲን ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ የእንቁላሉ ልባስም ይሁን የእጩ ቆዳ አይመርጥም። ይህን ለማጣራት ፒቪፒፒ የሚባል ታኒን የሚይዝ ዱቄት አለ። ኤክስትራክቱን ከዱቄቱ ጋር አቆዩት፣ አጥልሉት፣ እንደገና ፈትኑት። ኃይሉ ከጠፋ ሥራውን የሠራው ታኒን ነበር። ታኒን ያላቸው መኖዎች በበግ ላይ መጠነኛ ጥቅም እንዳላቸው ታይቷል፤ ግን ያ የመኖ አያያዝ ጥናት ነው፣ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ አይደለም። ጽሑፋችሁን በዚያ መልክ መቃኘት ይኖርባችኋል።

ከዚህ ጎን ለጎን የእንስሳ ሴል ላይ ፈትኑት። ትሉን በሚገድልበት መጠን ሴሉንም የሚገድል ከሆነ ያላችሁ መርዝ ነው። ሴሉን ለመግደል ትሉን ከሚገድለው ቢያንስ አሥር እጥፍ ቢፈልግ ለመቀጠል ልብ ይሰጣል፤ ይህ የእኔ መለኪያ ነው፣ ጠበቅ የሚያደርጉትም አሉ። በግ ማግኘት ካልቻላችሁ ሲ ኤለጋንስ የምትባለው አንድ ሚሊሜትር ያህል የምትረዝም ትል አለች። ጥገኛ አይደለችም፤ ግን ድቡልቡል ትል ናት፣ ባክቴሪያ እየበላች በ20 ዲግሪ ትባዛለች። ከመሬት ትል በብዙ ትሻላለች።

ስለ ተክሉ ስም ባጭሩ፦ ቅጠል፣ አበባና ከተገኘ ፍሬ ያለበት ናሙና አድርቃችሁ ለዕፅዋት ባለሙያ አሳዩ፤ የናሙናውን ቁጥር ጽሑፉ ላይ አስፍሩ። በአንድ የተለመደ ስም ሁለት ሦስት ተክል ይጠራል። አወጣጡም ወሳኝ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ስትፈልግ ተክሉን በሙቀት ስታወጣው ኃይሉ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር ስታወጣው ሠራ። ተክሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አወጣጡ ነው። ሰዎች ተክላችሁን በውሃ ነው የሚጠጡት እናንተ ግን በሜታኖል ነው ያወጣችሁት ከሆነ፣ የፈተናችሁት እነሱ የሚጠጡትን አይደለም። የውሃውንም አውጡ።

በግ ላይ አሁን አትሞክሩ። ከእንስሳ ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሁን ባላችሁ ውጤት የሚፈቅድላችሁ ካለ ኮሚቴው ራሱ መታየት አለበት። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ሁለት በግ ገዝቶ ማጠጣት ሙከራ አይባልም። በየቡድኑ ቢያንስ ስድስት፣ በዕጣ የተመደቡ፣ ምንም ያልተሰጠው ቡድን ያላቸው በጎች ይፈለጋሉ። እንቁላል መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። ኤክስትራክቱ በጉን ካስቀመጠው በጠጡ በውሃ ይቀጥናል፤ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው እንቁላል በቁጥር ይወርዳል። ትሎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ትሏ ለጥቂት ቀን ደንግጣ እንቁላል ታቆምና ኋላ ልትቀጥልም ትችላለች። መጨረሻ ላይ የሚታመነው በጉ ታርዶ ጨጓራው ተከፍቶ ትሎቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የእንቁላል ሙከራው፣ የታኒን ማጣሪያውና የሴል ምርመራው ከበቂ በላይ ነው። እዚያ ላይ ቁሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የማቆሚያ መስመር ጻፉ፦ ግማሹን እንቁላል ለማስቀረት በሚሊሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ከፈለገ ተክሉን ትተዋላችሁ። ከተዋችሁትም «አልሠራም» ብላችሁ ከነቁጥሩ ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ቅጠል እንደገና እንዳይዘፈዝፍ። ፍሪጅ ውስጥ የቀረውን ኤክስትራክት በሚታይ ጽሑፍ «መርዝ» ብላችሁ ለጥፉበትና ቆልፉበት። ጎረቤታችሁ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።